በመሐላ የወጣ ሙገሳ

ባለቤቴን ሰፈሩ የሚጠራው «ነገ ና» እያለ ነው። ስሙን ያወጣው እሱ ራሱ በገዛ አፉ ነው። ቀበቶ፣ የስልክ ኪስ ወይም የሽጉጥ ማህደር ያዘዙ ሰዎች በቀጠሯቸው ቀን ብቅ ሲሉ፣ ከሥራው ቀና እንኳ ሳይል «አልደረቀም፣ ነገ ና» ይላቸዋል። በማግስቱ ሲመጡም ያው ነው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው አንድ ቀን «ይሄ ሰውዬ ሞት ራሱ ቢመጣበት፣ አልደረቅኩም ነገ ና ብሎ ነው የሚመልሰው» ብሎ ሰፈሩን ሁሉ አሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያኔ በነገሩ መሳቅ እችል ነበር።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። ወደ መንገድ የሚከፈተው የፊተኛው የእሱ ሲሆን፣ የኋለኛው የእኔና የልጄ ነው። በፊተኛው ክፍል መስኮት ሥር፣ ቢላ ከማረፉ ብዛት መሐሉ የጎደጎደ ጠረጴዛ አለ። ወስፌው፣ መብሻው፣ መዶሻው እያንዳንዱ በየራሱ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። አንዱን ያለቦታው የሰቀለ ሰው ወየውለት። መደርደሪያው ላይ ከእንጨት የተጠረቡ ሽጉጦች ተሰልፈዋል፤ የማህደር ቅርጽ የሚወጣባቸው ናቸው። ልጄ ትንሽ ሳለ እነሱን አንስቶ ሌባና ፖሊስ ሊጫወት ሲል፣ አባቱ «የሥራ ዕቃ ነው» እያለ ከእጁ ይቀማው ነበር። የቆዳውና የሰሙ ሽታ ትራሳችን ድረስ ይገባል። ባገባሁት ሰሞን ሽታው ያሳምመኝ ነበር፤ ሲቆይ ለመድኩት።

ሥራውን ያውቃል። ይህንን ጠላቱ አይክደውም፣ እኔም ብሆን አልክደውም። ሙያውን ያስተማረው ኮርቻ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ በጥፊ እየመታ ነው ያስተማረው። ስፌቱ ያማረለት ቀን ሽማግሌው አይመታውም። ሙገሳ ማለት ለባለቤቴ ይኸው ነበር፣ ያለመመታት። ባለቤቴ ልጁን መትቶት አያውቅም፤ ይህን ልመስክርለት። እሱ የሚያውቀው መተርተር ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለጊዜ ማሳለፊያ ቆዳ መስፋት የሚማሩ ሰዎች ይመጡ ነበር። አንዲት ፋርማሲስት፣ አንድ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህርና አንድ ጠበቃ የማይቀሩ ነበሩ። እነሱ ሲመጡ የባለቤቴ ምላስ ይፈታል። ለእኔ በወር የማይወጣውን ቃል ለእነሱ በአንድ ከሰዓት ያፈሰዋል። እኔ ከኋላ ክፍል ሆኜ ልብስ እያጣጠፍኩ ሁሉንም ስለምሰማ፣ ሳልፈልግ ሙያውን በጆሮዬ ተማርኩት።

«ቀበቶ ስትሠሩ ሰውየውን የሱሪህ ቁጥር ስንት ነው አትበሉት» ይላቸዋል። «ሱሪ ይዋሻል። የሚታጠቀውን ቀበቶ አምጣ በሉና፣ ከዘለበቱ ማጠፊያ እሱ እስከሚቆልፍበት ቀዳዳ ድረስ ለኩ። ያ ልክ ለአዲሱ ቀበቶ የመሐለኛው ቀዳዳ ይሁን። ሰው ይወፍራልም፣ ይከሳልም።»

ፋርማሲስቷ ቀዳዳዎቿን አጠጋግታ ስትበሳ «ተይ እመቤት» ይላታል። «ቀዳዳ የተቀራረበበት ቆዳ እንደ ቴምብር ነው የሚቀደደው። አራርቂው። ወስፌውንም ወደ አንድ ወገን ብቻ አዘንብይው። ክሩን ሰም ቀቢው እንጂ በጣም አታጥግቢው።»

ከሁሉ በላይ ምላሱ የሚፈታው የሽጉጥ ማህደር ላይ ሲደርስ ነው። ጠበቃው የአባቱ የሆነች አሮጌ ሽጉጥ ስላለችው ማህደር ሊሠራላት ይታገል ነበር። «ቀበቶ ቅባት ይወዳል፤ ማህደር ግን እንዳይቀቡት» ይለዋል። «ከተቀባ አፉ ይላላል፤ አፉ የላላ ማህደር ደግሞ ጭራሽ ባይኖር ይሻላል። ቆዳውን ውሃ ያጠጡት፣ የእንጨቱን ቅርጽ በላስቲክ ጠቅልለው ይክተቱበት፣ በጣትዎ እየተጫኑ መልኩን ያውጡ። ከዚያ ጥላ ውስጥ ሰቅለው ይርሱት። ፀሐይ አይንካው፣ ምድጃ አጠገብ አይድረስ። ቶሎ የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ሲያልቅም ሽጉጡን ውስጡ እንዳያሳድሩ፤ ቆዳ እርጥበት ይደብቃል፣ ብረት ያዝጋል።» ለእነሱ ስፌታቸው የሰካራም መንገድ ሲመስል እንኳ «ምንም አይደል፣ እጅ ይለምዳል» ነበር የሚላቸው።

ልጄን ግን እንዲህ ብሎት አያውቅም።

ልጄ እጀ ቀና ነው። እናቱ ስለሆንኩ አይደለም፤ ልብስ ሰፊውም፣ ፋርማሲስቷም፣ ቀበቶ የሚወስዱት ሰዎችም ይሉት ነበር። ገና አፍላ ወጣት ሳለ የሚሰፋው ስፌት በማስመሪያ የተሰመረ ነበር የሚመስለው። አባቱ ይቀበልና ወደ መስኮቱ ይዞት ይሄዳል፣ ያገላብጠዋል፣ ከዚያ ቢላውን አንስቶ ከዳር እስከ ዳር ይተረትረዋል። «አታውቅም» ይላል። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም።» ደንበኛ ቆሞም ቢሆን ይለዋል። ልጄ ክሩን ከመሬት ለቅሞ እንደገና ይጀምራል።

አንድ ጊዜ ለእኔ የገንዘብ ቦርሳ ሰፋልኝ። ልጁ ለጉዳይ ወጣ እንዳለ ባለቤቴ ቦርሳዋን ከመስቀያዬ ላይ አንስቶ፣ መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ ስፌቷን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ብዙ ቆየ። ፊቱ በራ። በሩ ላይ ሆኜ አየሁት። «ለልጁ ንገረዋ» አልኩት። «ይታበያል» አለኝና ቦርሳዋን መልሶ ሰቀላት። እኔ በሰውዬው መናደድ የጀመርኩት ከዚያ ቀን ነው።

ልጄ ከጠረጴዛው የተነሳው በአንድ ቀበቶ ምክንያት ነው። ደንበኛው «እግዜር ይስጥህ፣ እንዴት ያምራል» ብሎ ሊወስደው እጁን ሲዘረጋ፣ አባቱ ከመሐል ተቀብሎ ተረተረው። ልጄ ወስፌውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወጣ። ከሳምንት በኋላ አንድ መጋዘን ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። «እማዬ፣ እዚያ ቢያንስ የሠራሁትን ማንም አይተረትርብኝም» አለኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ምሳውን ቋጠርኩለት።

ሽጉጡን የሚሰጠው ድርጅቱ ነው፤ ማህደሩን ግን ራሳችሁ ፈልጉ ተባሉ። አንድ ቀን ልጄ መጥቶ ከአባቱ ፊት ቆመ። «አባዬ፣ ማህደር ትሠራልኛለህ?» አለው። ካደገ ወዲህ አባቱን አንድ ነገር ሲለምን የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ባለቤቴ «እናያለን» አለ። ልጁ ከወጣ በኋላ ግን ኮቱን ደረበና ቆዳ ሊገዛ ራሱ ሄደ። ሻጩን እስኪያስመርር ድረስ የቆዳውን ክምር አገላብጦ መረጠ። ስፌቱን ድርብ አደረገው። ቅርጹን ሲያወጣ ጣቱ እስኪላጥ ተጫነው። እያፏጨ ነበር። ይህ ሰው ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም ነበርና እኔም ከኋላ ክፍል ሆኜ ታረቁ ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ያ ሰሞን ዝናብ አላባራ ብሎ ነበር። ማህደሩ ጥላ ውስጥ ተሰቅሎ ሰነበተ። ልጄ ሥራ በሚጀምርበት ጠዋት የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ መጣ። «ደረሰ አባዬ?» አለ። ባለቤቴ ተነሳ፣ ጣቱን ወደ ማህደሩ አፍ አግብቶ ዳሰሰው።

«አልደረቀም» አለ። «ነገ ና።»

ለገዛ ልጁ ነው። እንደ ማንም መንገደኛ።

«ስጠው እንጂ፣ ወገቡ ላይ ይደርቅ የለ?» አልኩት።

«እርጥብ ማህደር ሽጉጥ ያዝጋል። ሲጎተትም አፉ ይሰፋል። እንዲህ ሆኖ ከእጄ የሚወጣ ሥራ የለም።»

«ዛሬ ያለ ማህደር አያስገቡኝም» አለ ልጄ።

«ነገ ግባ» አለው።

ልጄ እኔን አየኝ፣ አባቱን አየ፣ ወጣ። አውቶብስ መያዣው ጋ ካልሲና ቁልፍ መሬት ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ላይ አንድ የሸራ ማህደር ገዛ። ለሌላ ዓይነት ሽጉጥ የተሰፋ ነበር። የአባቱ ማህደር በማግስቱ ደረቀ። ልጄ ግን ሊወስደው አልመጣም። ግትርነቱ የማን ነው ብዬ አልጠይቅም።

ብዙም አልቆየ። መጋዘኑ ውስጥ ከታች ያለውን ቁልፍ ሊከፍት ጎንበስ ሲል ሽጉጡ ከሸራው ውስጥ ሾልኮ ሲሚንቶው ላይ ወደቀና ባረቀ። ጥይቱ በአጠገቡ ወለል ስትጠርግ የነበረችን የጽዳት ሠራተኛ ጉልበት አደቀቀው። እስካሁን በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ሆስፒታል ልጠይቃት ሄጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችብኝ። አልፈርድባትም፤ እኔም ብሆን አዞር ነበር።

ልጄ ታሰረ። የቅዳሜው ጠበቃ «ለዚህ ቤት እኔ አለሁ» ብሎ መጣ፤ እጁ ይባረክ። በፊተኛው ክፍል፣ ቅዳሜ በሚሰፋበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነገሩን አስረዳን። ክርክሩ ያለው ልጁ ማህደሩ ሽጉጡን እንደማይዝ ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም በሚለው ላይ ነው አለ። ካላወቀ ቅጣቱ ቀላል ነው፤ በአንድ ዓመት ያልቃል። እያወቀ ታጥቆት ከሆነ ግን ሌላ ነው።

«ጋሼ፣ ለምስክርነት እጠራዎታለሁ» አለው። «ማህደር ከማህደር መለየት ለማንም ሰው ቀላል እንዳልሆነ ይናገሩ። ልጅዎ ሙያውን ያውቅ እንደሆነ ከጠየቁዎት፣ አያውቅም፣ ሳይጨርስ ነው የተወው ይበሉ። በቃ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«አይቸግረውም» አልኩ እኔ። «አያውቅም ማለቱንማ ዕድሜ ልኩን ሲለማመደው ኖሯል።» ጠበቃው ፈገግ አለ። ባለቤቴ ክሩን ሳበ።

በችሎቱ ቀን ባለቤቴ አንድ የላስቲክ ከረጢት ይዞ ነበር። ምን እንደሆነ ብጠይቀው አልነገረኝም። ተጠራ፣ እጁን አንስቶ ማለ፣ ቆመ። ዐቃቤ ሕጉ የሸራውን ማህደር አሳየው። ባለቤቴ ተቀበለና አውራ ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ወዘወዘው። ፊቱ የበሰበሰ ነገር እንደነካ ሰው ተኮማተረ።

«ይሄ ማህደር አይደለም፤ ካልሲ ነው» አለ። ሰው ሳቀ።

«ሽጉጡን እንደማይዝ ማንም ሰው ያውቃል?» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

«ማንም ሰው አያውቅም። ማህደር ይመስለዋል።»

ጠበቃችን ትከሻው ዘና ሲል አየሁ። እኔም ተነፈስኩ።

«ልጅዎስ? እርስዎ ጠረጴዛ ሥር ነው ያደገው። እሱ ያውቃል?»

ባለቤቴ የሸራውን ማህደር አገላበጠ። አያውቅም በል፣ እባክህ፣ አንድ ቃል ናት፣ ለምደሃታል እያልኩ በልቤ ለመንኩት።

«የኔ ልጅ?» አለ ባለቤቴ። የተሰደበ ነበር የሚመስለው። «የኔ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ይለየዋል። ስለ ቆዳ እሱ የማያውቀው ምን አለ? እጁ ከእኔ እጅ ይበልጣል። እሱ የሚሰፋውን እኔ በደህናው ዘመኔ አልሰፋሁትም።»

«ስለዚህ ይሄ ሽጉጡን እንደማይዝ ያውቅ ነበር» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

ያን ጊዜ ባለቤቴ ምን እንዳለ ገባው። ወደ ጠበቃው ዞረ፣ ወደ እኔ ዞረ። ከረጢቱን ከፈተና የሠራውን ማህደር አወጣ፤ የእንጨቱ ሽጉጥ ውስጡ ነበር። ዘቅዝቆ አራገፈው። «የኔን ይዞ ቢሆን ኖሮ አይወድቅም ነበር፣ ይኸው እዩት» አለ። ዳኛዋ «ይበቃል አባት፣ ይቀመጡ» አሉት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ማን ይመልሰዋል?

እኔ ግን ልጄን ነበር የማየው። ዐቃቤ ሕጉን አያይም፣ ዳኛዋን አያይም። አፉን ከፈት አድርጎ አባቱን ነበር የሚያየው። ከልጅነቱ ወዲህ እንዲያ ያለ ፊት አይቼበት አላውቅም። የሚታሰር ሰው ፊት አልነበረም።

ፍርዱ ሲነበብ «እያወቀ» የምትለዋ ቃል ተደጋግማ ወጣች። ጠበቃው አንድ ዓመት ያለው አራት ሆነ።

እስር ቤት መጀመሪያ የሄድኩት ብቻዬን ነው። ስንቁን ተቀበለኝ፣ ደህና ነኝ አለኝ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማዬ፣ አባዬ ያን ያለው ከልቡ ነው? ወይስ ሰው ፊት እንዳያፍር ነው?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «በአፉ አሳስሮህ አንተ የምትጠይቀኝ ይሄን ነው?» አልኩት።

«እኔ የምጠይቅሽ ይሄን ነው» አለኝ።

ቤት ገብቼ ባለቤቴ ፊት ቆምኩ፤ የተባልኩትን ነገርኩት። «በመሐላ ቆሜ እንዴት እዋሻለሁ?» አለኝ።

«ያለ መሐላ እውነት መናገር ተከልክሏል?»

«እሱ ያውቀዋል።»

«አያውቀውም» አልኩት። «ሃያ ዓመት አታውቅም ስትለው ኖረህ፣ አንድ ቀን ለዳኛ ያወራኸውን ከየት ይወቀው? ሄደህ በአፍህ ንገረው። ሌላ ምንም ከአንተ አልፈልግም፤ ይህችን ብቻ።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። እኔም አልተውኩትም። እራቱን አቀርብና ክፍሉን ጥዬለት እወጣ ጀመር። ቅዳሜ ሰዎቹ ሲመጡ በሩን ዘጋሁ፤ የሱን ምክር መስማት አንገሸገሸኝ። ልጁ በየጉብኝቱ ዓይኑ ከኋላዬ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ከዚያ አንድ ጠዋት ባለቤቴ ጺሙን ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ «እንሂድ» አለኝ። መንገድ ላይ «ትነግረዋለህ አይደል?» አልኩት። «እነግረዋለሁ አልኩሽ» አለኝ። በውነት አመንኩት።

መጠየቂያው ሁለት የሽቦ አጥር ነው፤ በመሐል ጠባቂ ይመላለሳል። ሰው ሁሉ በየፊናው ስለሚጮህ ለመደማመጥ አንገት ማስገግ ነው። ልጄ አባቱን ሲያይ እርምጃው ተደናገረ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ነበር። እዚያ ውስጥ የቆዳ ሥራ ክፍል አለ፤ እንደገና መስፋት ጀምሮ ነበርና ለእኔም ሳይነግረኝ ነው የቆየው። «ለአባዬ ነው» ብሎ ለጠባቂው ሰጠ። ጠባቂው ፈትሾ አሻገረው። ቀበቶ ነበር።

ባለቤቴ የልጁን ፊት ገና በቅጡ አላየውም ነበር። ቀበቶውን ወደ ብርሃኑ አነሳው። ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። አጠፈው፣ ዘረጋው፣ ሁለቱን ጫፍ ይዞ ሳበው። ልጄ ጣቶቹን ሽቦው ውስጥ አግብቶ ይጠብቃል። በክርኔ ጎሸም አደረግኩት።

«ይሄን ከቆዳው ሆድ በኩል ነው የቆረጥከው» አለ ባለቤቴ። «ይለጠጣል።»

«እዚህ የሚሰጡን እሱን ነው፣ አባዬ» አለ።

«ቀበቶ ከጀርባ ነው የሚቆረጠው።»

«አውቃለሁ።»

«በዓመቱ አንገቱን ይደፋል፤ ቀዳዳውም ይሰፋል።»

«እሺ አባዬ» አለ ልጄ። ጣቶቹን ከሽቦው አወጣ። ፊሽካው ተነፋ። ጠባቂው ሰዎቹን ወደ ውስጥ ይነዳ ጀመር። «እማዬ፣ ሳሙና እንዳትረሺ» አለኝና ሄደ፤ ወደ ኋላ አልዞረም።

አውቶብስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ብናገር እጮሃለሁ ብዬ ፈራሁ። ባለቤቴ ቀበቶውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ በፊቱ አየው፣ ገለበጠው፣ በጀርባው አየው። የኋላው ስፌት ከፊተኛው አይለይም፤ እኔ እንኳ የዚህን ትርጉም አውቃለሁ። ብዙ ፌርማታ ካለፍን በኋላ «ስፌቱ ግን» አለ።

ዞሬ አየሁት።

«እንዲህ ያለ ስፌት በዕድሜዬ አላየሁም» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «ያስተማረኝ ሽማግሌም እንዲህ አይሰፋም። ማንም አይሰፋም።»

«ታዲያ ለምን ለእሱ አላልከውም?»

«ሰዓቱ አለቀ እኮ» አለኝ።

ልጄ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ሰዓቱ አለቀ አለኝ።